መጽሐፍን ማክበርና መጽሐፍን ማንበብ

በሐረር ከተማ በምዕራብ በኩል የሚገኘው በር ሁለት ስም አለው። መንገዱ ወደ ሸዋ የሚያመራ ስለ ሆነ አማርኛ ተናጋሪው ሸዋ በር ይለዋል፤ ሐረሪው ግን በአባቶቹ ቋንቋ አስመዲን በሪ ይለዋል። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት ከተማይቱን በጀጎል ግንብ ባጠሩ ጊዜ ከተተዉት ከአምስቱ በሮች አንዱ ይህ ነው። በቀድሞው ዘመን በሮቹ በየማታው ተዘግተው ቍልፋቸው ወደ አሚሩ ቤት ይገባ ነበር። ዛሬ ግን በሩን የሚዘጋ የለም፤ ከበሩም ውጭ ትልቅ ገበያ ቆሟል።

በገበያ ዕቃውን ሳይመረምር የሚገዛ ሰው አይገኝም። ቅቤ የምትገዛ ሴት በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ ትቀምሳለች፤ ቡና የሚገዛ ሰው ፍሬውን በመዳፉ ይዞ ያገላብጣል፤ በርበሬ የሚገዛም ፈልቅቆ ያሸታል። ክዳኑን ሳይከፍት ቅቤው እጅግ መልካም ነው ብሎ የሚያመሰግን ሰው ቢመጣ ገበያው ሁሉ በሣቀበት ነበር። ዳሩ ግን ይኸው ገበያተኛ፥ ይልቁንም የተማረ የተባለው የከተማ ሰው፥ በቅቤ የማያደርገውን በመጽሐፍ ያደርገዋል። ያልከፈተውን መጽሐፍ ያመሰግናል፤ ያልገባውን ቅኔ ያደንቃል፤ ግጥሙን ያላነበበለትን የባለቅኔ ስም በየስብሰባው ያነሣል። ምስጋናውንም ባበዛ ቍጥር ያነበበ ይመስለዋል።

ሐረር የመጻሕፍትና የሊቃውንት ከተማ ተብላ ትመሰገናለች፤ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ከተጻፈች ወዲህም ምስጋናው በዝቷል። ምስጋናው እውነት ነው፤ ጥፋቱ በምስጋና ረክቶ መቅረት ነው። ለጥንት ግጥምና ለጥንት ድርሰት ፍቅር አለኝ የሚል ሰው ፍቅሩ በምን ይታወቃል ቢባል፥ በማንበብ ይታወቃል እንጂ በሌላ አይታወቅም። ይህንንም ለማስረዳት ሦስት ነገር መመርመር ይበቃል፤ ይኸውም አንደኛው ስለ እንግዳው ባለቅኔ ቤት፥ ሁለተኛው ስለ ሐረሪዎች መጻሕፍት፥ ሦስተኛው ስለ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ነው።

ወደ ሐረር የሚመጣ እንግዳ አስቀድሞ ከሚጠይቃቸው ቤቶች አንዱ የራምቦ ቤት የሚባለው ነው። አርቱር ራምቦ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1854 የተወለደ የፈረንሳይ ባለቅኔ ነበረ፤ ስሙን ያስጠራውንም ግጥም ሁሉ ጽፎ የተወው ገና በሃያ ዓመት ዕድሜው ገደማ ነው። በ1880 መጨረሻ ወደ ሐረር በመጣ ጊዜ የቡናና የቆዳ ንግድ ሠራተኛ ሆኖ ነበር እንጂ በባለቅኔነቱ አልነበረም። ወደ ቤተ ሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ላኩልኝ እያለ የለመነውም የግጥም መጽሐፍ አልነበረም፤ የአናጢነት፥ የብረታ ብረትና የመሳሰለው የእጅ ሥራ መማሪያ ነበር። በ1891 ጕልበቱን ታሞ ሰዎች ተሸክመውት ከሐረር ወጣ፤ እግሩም ተቈርጦ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በማርሴይ ከተማ በ37 ዓመቱ ሞተ። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ያማረ ቤትም እርሱ ከሞተ በኋላ የተሠራ ነው እንጂ የኖረበት አይደለም።

እንግዲህ ነገሩን አንባቢ ያስተውል። አንድ ባለቅኔ ግጥም ባልጻፈበት አገር፥ ባልኖረበት ቤት ይከበራል። ማክበሩ ነውር የለበትም፤ እንግዳውም ይምጣ፥ መሪውም እንጀራውን ይብላ። ዳሩ ግን በዚያ ቤት ደጃፍ ከሚያልፉት፥ ስሙንም ከሚጠሩት የከተማ ሰዎች መካከል ከግጥሙ አንዱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነበበ ስንት ነው? ቤቱን ያየ ሁሉ ባለቅኔውን ያወቀ ይመስለዋል። ሰውዬው ግን ራሱ በሕይወቱ ሳለ ግጥሙን ትቶ ነበርና የሚገኘው በመጽሐፉ ውስጥ ብቻ ነው። መጽሐፉን ላልገለጠ ሰው ያ ቤት መስኮቱ ያማረ ባዶ ቤት ነው።

ሁለተኛው የሐረሪዎች መጻሕፍት ነገር ነው። ሪቻርድ በርተን የተባለው እንግሊዛዊ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1855 ወደ ሐረር ገብቶ ከተመለሰ በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ከተማይቱ የትምህርት ስፍራ መሆኗን፥ የመጻሕፍቷም ድጉስ ያማረና የጠነከረ መሆኑን መስክሯል። የሐረሪ ሊቃውንት በዐረብኛ ብቻ ሳይወሰኑ በገዛ ቋንቋቸው በዐረብ ፊደል ይጽፉ ነበር፤ ይህም አጀሚ ይባላል። ኪታብ አል ፈራይድ የተባለው የጥንት የሐረሪ ጽሑፍ ከእነዚህ አንዱ ነው። ዚክሪ የሚባለው የምስጋና ግጥማቸውም እስከ ዛሬ ድረስ በከበሮ ይዜማል። በዘመናችንም አቶ አብደላ ሸሪፍ በየቤቱ የተበተነውን የእጅ ጽሑፍ እየሰበሰቡ፥ የፈረሰውንም ጥራዝ እየጠገኑ የተፈሪ መኰንን ቤት በሚባለው ሕንፃ ቤተ መዘክር አቁመዋል። ይህ እጅግ የሚመሰገን ሥራ ነው።

ነገር ግን ወደዚያ ቤተ መዘክር የሚገባው የተማረ ሰው ምን አይቶ ይወጣል? ቆዳውን አይቶ፥ ሐረጉን አድንቆ፥ ፎቶግራፍ አንሥቶ ይወጣል። በውስጡ ምን ተጽፏል ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ አጀሚውን አንብቦ በአማርኛ የሚተረጕምለት ሰው የሚፈልግ ደግሞ ከዚያ የባሰ ጥቂት ነው። ከካህናትም ወገን ይህ የእስላሞች ነገር ነው፥ ለእኛ ምናችን ነው የሚል ይገኛል። እንዲህ የሚል ሰው የሊቃውንቱን ልማድ የዘነጋ ነው። የኢትዮጵያ ሊቃውንት ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ብዙ መጻሕፍትን መልሰዋል፤ ፍትሐ ነገሥት ራሱ ከዐረብኛ የተመለሰ መጽሐፍ ነው። አባቶች የሩቁን አገር ዐረብኛ አንብበው ለአገራቸው ከጠቀሙበት፥ ልጆቻቸው በአንድ ግንብ ውስጥ ያለውን የጎረቤታቸውን ግጥም ለማወቅ መስነፋቸው ምን ምክንያት ያገኛል? በሩን ሸዋ በር እያለ ሲመላለስበት የኖረ ሰው አስመዲን በሪ መባሉን ካላወቀ የበሩን ግማሽ ብቻ አውቋል።

ሦስተኛውና ዋነኛው ግን ለካህናት ቅርብ የሆነው ነገር ነው። በ1879 ዓ.ም. የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ሐረርን ከያዙ ወዲህ ካህናት ገቡ፤ በፈረስ መጋላም የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ቆመ፤ ከማሕሌቱ ጋራም የግእዝ ቅኔ በከተማይቱ ተሰማ። ቅኔ በዜማና በቤት ቍጥር የታሰረ ጥበብ ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፥ ዘአምላኪየ ሦስት ቤት፥ ሥላሴ ስድስት ቤት፥ መወድስ ስምንት ቤት አለው። ይህን ለመማር ተማሪው አኵፋዳውን አንግቦ ወደ ዋድላ፥ ወደ ጎንጅ፥ ወደ ዋሸራ ወርዶ ግሱን እያጠና፥ አገባቡን እየጠየቀ፥ ሌሊት እየቈጠረ ጧት ለመምህሩ እየነገረ ዓመታት ይፈጃል። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ በበዓል ቀን በማሕሌቱ መካከል ቆሞ ቅኔውን ያበረክታል።

ያን ጊዜ «ይበል! ይበል!» የሚል ድምፅ ይነሣል። ዳሩ ግን ይበል ባዮች ሁሉ አንድ አይደሉም። አንዱ ሰሙን ለይቶ፥ ወርቁን አግኝቶ፥ ልቡ ተነክቶ ይበል ይላል፤ የቅኔው እውነተኛ አንባቢ እርሱ ነው። ሁለተኛው የጎረቤቱን ከንፈር አይቶ ይላል፤ ጎረቤቱ ዝም ቢል እርሱም ዝም ይል ነበር። ሦስተኛው ባለቅኔው ወዳጁ ወይም ዘመዱ ስለ ሆነ ይላል፤ ቅኔው ቤት ቢያጐድልም ያው ይበል ማለቱ አይቀርም። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ግን እነዚህን ሁለቱን አንዱ ሕፃን «አባባ፥ የዛሬው ቅኔ ምን አለ?» ብሎ ቢጠይቃቸው የሚመልሱት አያገኙም፤ እጅግ ጥልቅ ነበር ብለው ያልፉታል። ጥልቅ ነው ማለት አልገባኝም ለማለት የተገኘ የአክብሮት ቃል ሆኗል።

ይህ ሁሉ ከስንፍና ብቻ የመጣ ነው ማለት ግን ትክክል አይሆንም፤ ምክንያት አለኝ የሚሉ ሰዎች አሉና የእነርሱንም ነገር ሰምቶ መመለስ ይገባል።

አንዳንዶች ቅኔ ለአንድ ቀን ብቻ የተሰጠ ነው ይላሉ። ባለቅኔ ትናንት የተባለውን ዛሬ አይደግምም፤ የሌላውንም ቅኔ የራሱ አስመስሎ ቢያቀርብ ይነቀፋል፤ ስለዚህ ቅኔን ጽፎ ማቈየት የቅኔን ሕግ ማፍረስ ነው ይላሉ። ምሳሌም ሲሰጡ እንደ መና ነው፤ መና ለነገ ቢያሳድሩት ይተላል ይላሉ። ምሳሌው መልካም ነው፤ ነገር ግን በግማሹ ቀርቷል። መና ሲያድር መትላቱ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን በኦሪት ዘጸአት እንደ ተጻፈው ከዚያው ከመናው አንድ ጎሞር ተሰፍሮ ለሚመጣው ትውልድ እንዲጠበቅ ታዝዟል፤ ይህም በመሶበ ወርቅ ውስጥ ተቀመጠ። ለዕለት ጕርሻ ብሎ የሚያሳድር ተከለከለ፤ ለልጅ ልጅ ምስክር ብሎ የሚያኖር ግን ታዘዘ። እንደዚሁም ቅኔን ሰርቆ መድገም የተከለከለ ነው፤ የሊቁን ቅኔ ከነስሙ ጽፎ ማንበብና መመርመር ግን ሥርዓት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1910ዎቹ ዓመታት መጨረሻ የቀደሙትንና የኋለኞቹን ሊቃውንት ቅኔ ሰብስበው ማሳተማቸው ቅኔን እንዳልጐዳ ሁሉም ያውቃል። ቅኔን የሚጐዳው መምህሩ ሲሞት ቅኔው አብሮት መቀበሩ ነው።

ሌሎች ደግሞ ዘመኑ የሥራ ዘመን ነው፤ አገር የምትፈልገው መሐንዲስና ሐኪም ነው እንጂ የግእዝ ቃል የሚመዝን አይደለም ይላሉ። ለዚህ መልሱ ከሐረር ገዥ ከራስ መኰንን ዘመን ይገኛል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ተፈረመ። በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛው ቃል የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ መንግሥታት ጋራ ለሚኖራቸው ጕዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ ይቻላቸዋል የሚል ነበር፤ የኢጣሊያንኛው ግን እንዲላላኩ ፈቅደዋል ወደሚል ግዴታ የሚያደርስ ቃል ነበረው። በዚሁ ዓመት ራስ መኰንን መልእክተኛ ሆነው ወደ ኢጣሊያ ሄዱ። በአንድ ግስ ላይ የተነሣው ክርክር እያደገ ሄዶ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ በደም ተፈጸመ። እንግዲህ ቃልን መመዝን የሥራ ፈት ጨዋታ ነውን? መሐንዲሱም ውል ይፈርማል፤ ሐኪሙም የበሽተኛውን ቃል ይሰማል፤ ዳኛውም ሕግ ይተረጕማል። በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት ነገር ሊኖር እንደሚችል ከልጅነቱ የለመደ ሰው በማናቸውም ሥራ ላይ ቢቆም በቀላሉ አይታለልም።

ይህንንም ልማድ የአገሩ ትምህርት አስቀድሞ አዘጋጅቶታል። የመጻሕፍት መምህር አንዱን ንባብ ይዞ «አንድም» እያለ ትርጓሜውን ሲያወርድ ማንበብን ያስተምራል፤ ተማሪው ከመጀመሪያው ትርጕም እንዳይሮጥ፥ ሌላም እንዳለ እንዲጠብቅ ያደርገዋል። ለምሳሌ ያህል ተማረ የሚለውን የአማርኛ ቃል ብንወስድ፥ ትምህርት አገኘ ማለት ይሆናል፤ አንድም ምሕረት አገኘ፥ በደሉ ተተወለት ማለት ይሆናል። አንድ ሰው በሊቅ ፊት ቆሞ ተማረ ቢባል ሰሚው ፊደል መቍጠሩን ያስባል፤ ባለቅኔው ግን ሊቁ የበደለውን ይቅር ማለቱን ሸሽጎበት ይሆናል። ሰሙ ትምህርት፥ ወርቁ ምሕረት ነው። ይህን ያገኘ ሰው የሚሰማው ደስታ ስንፍና ሊሰጠው የማይችል ደስታ ነው። የጥንት ግጥም ፍቅር የሚባለውም ይህ ነው፤ ከዚህ በፊት ያለው ሁሉ የፍቅር ወሬ ነው።

ሦስተኞቹ ደግሞ መጻሕፍቱ ሁሉ በፎቶግራፍ ተነሥተዋል፤ በእጅ ስልክም ይገኛሉ፤ ስለዚህ ከእንግዲህ አይጠፉም ይላሉ። እውነት ነው፤ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም በማንሣት ወደ 9000 የሚጠጉ መጻሕፍት ተነሥተዋል፤ ቅጂውም በአሜሪካ በሚኒሶታ ይገኛል። ዳሩ ግን ፊልሙ ራሱን አላነበበም። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በጥይት ቈስለው መራመድ ከተሳናቸው በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው፥ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ፥ ከአገራቸው ርቀው የተነሣውን መጽሐፍ ቅጠል በቅጠል እያነበቡ፥ ምን እንደ ያዘ እየጻፉ ባይደክሙ ኖሮ ያ ሁሉ ፊልም በሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ጨለማ ይሆን ነበር። በመቅደላ በ1860 ዓ.ም. ተወስደው ዛሬ በለንደን ያሉት ከ300 የሚበልጡ የብራና መጻሕፍትም እንዲሁ ናቸው። እንዲመለሱ መጠየቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን ጠያቂው በአጠገቡ ባለ ደብር ዕቃ ቤት ያለውን መጽሐፍ ሳይገልጥ ለንደን ያለውን ይመለስልኝ ቢል፥ ሲመለስ የት ሊያኖረው ነው? ከተዘጋው ጋራ ሊዘጋበት ነውን?

በአንጻሩ ፍቅራቸውን በሥራ ያሳዩ ሰዎች ከሐረርና ከአካባቢዋ አልጠፉም። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው በሐረር በራስ መኰንን ቤት አድገው፥ ወደ ሩስያ ሄደው ተምረው ከተመለሱ በኋላ፥ በ17ኛው መቶ ዓመት የነበረውን የፈረንሳዊውን የላ ፎንቴንን የእንስሳት ተረት መሠረት አድርገው በ1913 ዓ.ም. ገደማ ፋቡላ የተባለውን ተውኔት አቀረቡ። ተረቱ የጥንት ነበር፤ አነጋገሩም በአውሬዎች ነበር፤ ዳሩ ግን የጊዜውን ሹማምንት ስለ ነካ ተከለከለ። የጥንት ድርሰት ሞቷል፥ አይናገርም ለሚል ሰው ከዚህ የሚበልጥ መልስ አይገኝም። የሞተ ነገር አይከለከልም።

አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌም መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ተቀብለው በኢየሩሳሌም ደከሙበት፤ በኋላም ለሐረር ጎረቤት በሆነችው በድሬዳዋ በአልዓዛር ማተሚያ ቤት አጠገብ ሆነው ከደቀ መዝሙራቸው ከአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ጋራ ሠሩ። ሥራው ሳይታተም በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ደቀ መዝሙራቸው ግን አደራውን ጠብቀው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። አንዱ ጀመረ፥ ሁለተኛው ደከመ፥ ሦስተኛው ፈጸመ። ኢትዮጵያን በዐይኑ ያላየው ጀርመናዊው ዲልማን ግን የግእዝ መዝገበ ቃላቱን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1865 አሳትሞ ነበር። የውጭው ሰው ቀድሞ መገኘቱ ኀፍረት አይደለም፤ ኀፍረት የሚሆነው ሁለቱም መጻሕፍት ታትመው ሳሉ ተማሪው የአንዱንም ገጽ ሳይገልጥ ግእዝ ከባድ ነው ብሎ ሲያማርር ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለሐረር ሰው ቅርብ የሆነው ምሳሌ የአለቃ ለማ ኃይሉና የልጃቸው የመንግሥቱ ለማ ነው። አለቃ ለማ የታወቁ የቅኔና የመጻሕፍት ሊቅ ነበሩ። ልጃቸው በሐረር አድገው ቅኔን ተማሩ፤ ከዚያም ዘመናዊውን ትምህርት ተከታትለው እስከ ለንደን ሄዱ። ተመልሰው ጠልፎ በኪሴንና ያላቻ ጋብቻን የመሰሉ ሕዝብን ያሣቁ ተውኔቶች ጻፉ፤ የአማርኛ ግጥምም ደረሱ። ቅኔ አእምሮን ወደ ኋላ ያስቀራል የሚል ሰው እነዚህን ተውኔቶች ያንብብ። ከዚህም በላይ አባታቸውን አስቀምጠው፥ ቃላቸውን እየሰሙ፥ ከመምህራን የሰሙትን ቅኔና የሊቃውንቱን ታሪክ ከነለዛው ጽፈው በ1959 ዓ.ም. መጽሐፈ ትዝታ በሚል ስም አሳተሙት። ይህ ባይሆን ኖሮ የዚያ ሁሉ ሊቅ ጨዋታ ከአለቃ ለማ ጋራ ወደ መቃብር በወረደ ነበር። ስለ አባቱ ሊቅነት የሚመካ ልጅ ብዙ ነው፤ የአባቱን ቃል ቍጭ ብሎ የጻፈ ግን ጥቂት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ ቢባል ነገሩ ሩቅ አይደለም፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም።

አንደኛ፥ በየደብሩ በበዓል ቀን ከተሰጡት ቅኔዎች መካከል አንዱ ብቻ እንኳ ቢሆን ከባለቅኔው ስም፥ ከሰሙና ከወርቁ፥ ከአማርኛ ትርጓሜው ጋራ ይጻፍ። በዓመቱ መጨረሻ ደብሩ አንድ ደብተር ቅኔ ይኖረዋል፤ በሃያ ዓመት አንድ መጽሐፍ ይሆናል። ዛሬ በእጅ ስልክ የማይቀርጽ ወጣት የለም፤ የቀረጸውን ግን ወደ መምህሩ ወስዶ «የኔታ፥ ይህን ይፍቱልኝ» ብሎ ጠይቆ ይጻፈው። መቅረጽ የሥራው ግማሽ ነው፤ መጠየቅ ሁለተኛው ግማሽ ነው።

ሁለተኛ፥ መምህሩ ተማሪውን የመለሰውን ያህል ምእመኑንም ይመልስ። አልገባኝም ያለውን ሰው አያሳፍረው። አልገባኝም ማለት የንባብ መጀመሪያ ነው፤ የሚያሳፍረውስ ሳይገባ ይበል ማለት ነበር። ሊቃውንቱ ወርቁን ለብቻቸው ይዘው ለሕዝቡ ሰሙን ብቻ ቢተዉለት፥ ሰም ሲሞቅ ይቀልጣልና ሕዝቡ በእጁ ምንም አይቀርም።

ሦስተኛ፥ የከተማው ባለጸጋና የተማረው ሰው ለመጽሐፍ ማኅደር ከሚያሠራ ለአንባቢ ቀለብ ይስጥ። በሐረር ውስጥ ግእዙን የሚያውቅ የቅኔ መምህርና አጀሚውን የሚያውቅ የሐረሪ ሊቅ በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው፥ ይህ የአባቶቹን ቅኔ፥ ያም የአባቶቹን ዚክሪ በአማርኛ እየተረጐሙ ለአድማጭ ቢያስረዱ ምን ይከለክላል? ሃይማኖት ከሃይማኖት አይቀላቀልም፤ ግጥም ግን ከግጥም ጋራ ሲነጻጸር ሁለቱም ይታወቃሉ። ፈረንሳይኛ የሚያውቅም ሰው ከራምቦ አንዱን ግጥም አምጥቶ በዚያው ጉባኤ ይተርጕም፤ ያን ጊዜ ያ ቤት በእውነት የባለቅኔ ቤት ይሆናል።

አራተኛ፥ እያንዳንዱ ሰው ያላነበበውን መጽሐፍ ከማመስገን ይከልከል። ይህ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ምክንያቱም ዝም ማለትን ይጠይቃል። ነገር ግን የማያውቁት ዝም ቢሉ የሚያውቁት ይሰማሉ፤ የሚያውቁትም ጥቂት መሆናቸው ይታያል፤ ጥቂት መሆናቸው በታየ ጊዜም ለመማር የሚነሣ ይገኛል። ዛሬ ግን ምስጋናው ጕድለቱን ሸፍኖታልና የጐደለ ያለ አይመስልም።

በ16ኛው መቶ ዓመት ጦርነት በዚህች አገር ብዙ መጻሕፍት ተቃጥለዋል፤ የተረፉትም በዋሻና በጫካ ተሸሽገው ነው የተረፉት። ያን ጊዜ መጽሐፍ የሚሸሽግ ሰው ነፍሱን ለአደጋ ይሰጥ ነበር፤ እሳቱንም ሸሽቶ ያተረፈው ልጁ እንዲያነበው ነበር። ዛሬ እሳት የለም፤ የሚያሳድድም የለም፤ መጽሐፉ በክብር ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ባለቤቱ ግን አላነበበውም። አባት ከእሳት ያዳነውን ልጅ በምስጋና ሸፍኖ ቢያጠፋው ፍርዱ በልጁ ላይ ነው። ልብ ያለው ልብ ይበል፤ ጆሮ ያለውም ይስማ፤ ዐይን ያለው ግን ያንብብ።